መኪና የማይስማማው ውሻ

ባለፈው ፋሲካ ሱሉልታ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። በበዓሉ ማግስት ከቀትር በኋላ አንዲት ጎረቤት የሰባት ዓመት ልጇን እጁን ይዛ መጣች። ልጁ ከልጅ ልጄ ጋር ኳስ ሲጫወት፣ ውሻው ቦቢ ኳሷን እነጥቃለሁ ብሎ ጣቱን በጥርሱ ጫር አድርጎታል። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ጠብታ ደም ብቻ። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። «ውሻው ተከትቧል አይደል?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ልጄ ሚስቱን አየ። ሚስቱ አቀርቅራ ቀረች።

ነገሩን ኋላ ነገሩኝ። የቦቢ ድጋሚ ክትባት ቀኑ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ገንዘብ ቸግሯቸው አይደለም። ቦቢ መኪና አይስማማውም። ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ሳይጨርስ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ያስመልሳል። ልጄም ዛሬ ነገ ሲል ወራት አለፉ።

የልጁን ጣት በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብኩት። ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ተወስዶ ክትባት ጀመረ። ቦቢም 10 ቀን ግቢ ውስጥ ታስሮ ክትትል ተደረገበት። ተመስገን፣ ምንም አልሆነም። እኔ ግን እነዚያን ሌሊቶች በቅጡ አልተኛሁም። በሥራ ዘመኔ የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ሰው አስታምሜያለሁ። ጠምቶት ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው እየተኮማተረ የሚንቀጠቀጥ ሰው ያየ አይረሳውም። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ቢባል ይቀላል። ክትባቱ ግን አስቀድሞ ይከላከለዋል። ታዲያ ውሻው ክትባቱ ዘንድ መድረስ ካልቻለ ጣጣው የመኪና ወንበር ማጠብ ብቻ አይደለም።

ቤት ድረስ የሚመጣ የእንስሳት ሐኪም ካገኛችሁ እሰየው። እኛ አላገኘንም። ደግሞስ ውሻው አንድ ቀን ክፉኛ ቢታመም መወሰዱ ይቀራል?

የልጅ ልጄን «ቦቢ ስንት ጊዜ መኪና ተሳፍሯል?» አልኩት። በጣቱ ቆጠረ። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። መጀመሪያ ከእናቱ ተነጥሎ በካርቶን ሲመጣ፣ ሁለተኛ መርፌ ሊወጋ ሲሄድ፣ ሦስተኛ ደግሞ አስመልሶ በቁጣና በጥፊ ከመንገድ ሲመለስ። የእኛስ ጉዞ ሁሉ እንዲህ ቢሆን የመኪና በር ሲከፈት ደስ ይለን ነበር?

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የጆሮ ጉዳይ ነው። በውስጠኛው ጆሮ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ። ጆሮ «እየሄድን ነው» ሲል፣ ዓይን ደግሞ የማይነቃነቅ የወንበር ጀርባ ብቻ ሲያይ፣ አንጎል የተለያየ ወሬ ይደርሰውና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ልጆቻችንን አውቶቡስ ውስጥ የሚያስቸግራቸውም ይኸው ነው። ቡችላ ላይ ይህ ክፍል ገና ስላልጠና ይበረታል፤ ብዙዎቹ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ይሻላቸዋል። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። አካሉ ከጠና በኋላም ፍርሃቱ ሊቀር ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ ውሻው መኪናው ሳይንቀሳቀስ ገና በሩ ሲከፈት ለሃጩ ከተንጠባጠበ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ካዛጋና ከተንቀጠቀጠ ፍርሃት አለበት። ቦቢ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል፤ በሩ ሲከፈት ግን ጅራቱን ወሽቆ አልጋ ሥር ነበር የሚገባው።

10 ቀኑ ሲያልቅ ልምምድ ጀመርን። የልጅ ልጄ ኃላፊ ሆነ፤ እኔ ተቆጣጣሪ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መኪናው እንደቆመ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በሮቹ ሁሉ ተከፍተው ቦቢን ውስጡ ቁራሽ የተቀቀለ ሥጋ እያበላነው ብቻ ተቀመጥን። በግድ አልጎተትነውም። በራሱ ፈቃድ መግባት ሲጀምር በሩን ዘጋን። ከዚያ ሞተሩን አስነስተን ሳንንቀሳቀስ ቆየን። ቀጥሎ ከግቢ ወጥቶ መመለስ፣ ከዚያ ሰፈሩን አንድ ጊዜ መዞር፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ነድቶ ሜዳ ላይ አውርዶ ማስሮጥ። ለሃጩ በመጣ ቁጥር ሳንቆጣው ወደ ቀደመው ደረጃ ተመለስን። ልጄ «እማዬ፣ ለውሻ ሽርሽር ነዳጅ ላቃጥል?» አለ። «ሰው ቢነከስ የሚወጣውን አስብ» አልኩት። ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀብን።

ለጉዞው ቀን ደግሞ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

ለአካለ መጠን የደረሰ ውሻ ከጉዞው በፊት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ አይብላ፤ ውሃ ግን አይከልከል። ትንሽ ቡችላ ረጅም ሰዓት ቢጾም ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል ሐኪሙን ጠይቁ።

መስኮት ትንሽ ክፈቱ። «ንፋስ ይመታናል» ብለን ሙቀት ውስጥ ታፍነን መሄድ ልማዳችን ነው፤ ለሚያቅለሸልሸው ግን ንጹሕና ቀዝቀዝ ያለ አየር ይረዳዋል። ውሻው ራሱን አውጥቶ እንዲሄድ ግን አትፍቀዱ።

በኋላ ወንበር ላይ ደረቱን በሚይዝ ማሰሪያ እሰሩት፤ ወይም ሰፋ ያለ ሳጥን ውስጥ አድርጉት። አንገቱን በገመድ አስሮ ፒክአፕ ጀርባ ላይ መጫን አደገኛ ነው፤ ቢዘል ይታነቃል። ፊቱ ወደ ፊት ቢሆን ይመረጣል። ሹፌሩም ኩርባ ላይ ቀስ ይበል፣ ድንገተኛ ፍሬን አያብዛ።

አሁን ደግሞ ስህተታችንን ልናገር። የልጅ ልጄ አውቶቡስ ላይ ሰዎች ሲያሸቱ አይቶ ኖሮ ለቦቢ አፍንጫ ሎሚ ቆርጦ አቀረበለት። ቦቢ አስነጠሰ፣ ፊቱን አዞረ፣ ለሃጩ ባሰ። የውሻ ማሽተቻ ከእኛ እጅግ የበረታ ስለሆነ የሎሚና የብርቱካን ሽታ አብዛኞቹን ይረብሻቸዋል። ሽቶና የመኪና ጠረን መቀየሪያም እንዲሁ።

የእኔ ስህተት ደግሞ የባሰ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የማቅለሽለሽ ክኒን አለች፤ «ግማሿን ብሰጠውስ?» ብዬ እጄን ሰድጄ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ «ለአንዱ የታዘዘ መድኃኒት ለሌላው አይሰጥም» ስል የኖርኩ ሴት! ሐኪሙ ዘንድ ስደውል በጊዜ ከለከለኝ። ለውሻ የተሠራ፣ ማሮፒታንት የሚባል የማስታወክ መከላከያ እንዳለ፣ እሱም ቢሆን በሐኪም ትእዛዝ እንደ ክብደቱ ተመዝኖ እንደሚሰጥ ነገረኝ። በየቤታችን መሳቢያ የማይጠፉት ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ውሻን ክፉኛ ሊመርዙት ይችላሉ። እባካችሁ ከራሳችሁ ክኒን ቆርሳችሁ አትስጡ።

መኪና ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥም የሚያስመልስ፣ ምግብ እምቢ ያለ፣ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ያለው ውሻ ግን ሌላ ሕመም ሊኖረው ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይታይ።

የክትባቱ ቀን ማለዳ ተነሳን። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ቦቢ ሁለቴ አዛጋ፣ ከንፈሩንም ላሰ። ልጄ ሳይነገረው ዳር ይዞ አቆመ። የልጅ ልጄ አውርዶ ትንሽ አንሸራሸረው፤ ቦቢ ሣር አሸተተ፣ ሽንቱን ሸና፣ ተመልሶ ገባ። ጥቂት ለሃጭ ፎጣው ላይ ተንጠባጠበ እንጂ አላስመለሰም። ከመርፌው በኋላ በቀጥታ ወደ ቤት አልተመለስንም፤ መጨረሻው መርፌ ብቻ ሆኖ እንዳይታወሰው መጀመሪያ የለመዳት ሜዳ ላይ ወስደን አስሮጥነው።

የዚያን ዕለት ማታ ልጄ የክትባት ካርዱን ይዞ ወደ ጎረቤቷ ቤት ሄደ። ልጇ ጤነኛ ነበር። ካርዱን ተቀብላ ቀኑን አየችና፣ «በሉ ነገ ኳሱን ይዛችሁ ኑ» አለችው።

እናንተም ዛሬ የውሻችሁን ካርድ አውጡና ቀኑን እዩ። ቸር እንሰንብት።