አንድ «ምናልባት» ይበቃል



በዚህ ወር ዓምዳችን ትንሽ ብትመስልም የእንግሊዝኛ ጽሑፍን ትርጉም የምታበላሽ አንዲት ነጥብ እናነሳለን። እዚህ ዳንግላ ብዙ ልጆቻችን አዊኛና አማርኛ እየሰሙ ያድጋሉ፤ በመድረሳ ዐረብኛ ይቀራሉ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገሩም የአንዱን ልማድ ይዘው መግባታቸው አይቀርም።

በአማርኛ «ምናልባት ነገ ይመጣ ይሆናል» እንላለን። በ«ምናልባት» ጀምረን በ«ይሆናል» መጨረሳችን ስሕተት አይደለም፤ የቋንቋችን ወግ ነው። ተማሪው ግን ይህንኑ ቃል በቃል ሲገለብጠው «ፐርሃፕስ ሂ ሜይ ከም» ብሎ ይጽፋል። በእንግሊዝኛ «ሜይ» ጥርጣሬውን ብቻዋን ትሸከማለች። ስለዚህ ወይ «ሂ ሜይ ከም»፣ ወይ «ፐርሃፕስ ሂ ዊል ከም» ማለት ይበቃል። «ሜይ ፖሲብሊ»፣ «ማይት ፐርሃፕስ»፣ «ኢት ኢዝ ፖሲብል ዛት ሂ ሜይ» የሚሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ የባሰው «ሜይ ፕሮባብሊ» ነው። «ሜይ» ነገሩ ሊሆን እንደሚችል ብቻ ይናገራል። «ፕሮባብሊ» ግን ወደ መሆኑ ያደላል። አንድ የጤና ተማሪ በሪፖርቱ ላይ «በሽተኛው ሜይ ፕሮባብሊ ወባ አለበት» ብሎ ጻፈ እንበል። አንባቢው ሐኪም የትኛውን ይያዝ? ጸሐፊው ገና እየጠረጠረ ነው ወይስ ወደ ወባው አድልቷል? ሁለት ቃል ተጽፎ አንድም ፍሬ አልተገኘም፤ የሚጎዳው ደግሞ በሽተኛው ነው።

ይህን ጥንቃቄ በመድረሳ የቀራ ሰው ያውቀዋል። የኡሱል ዑለማዎች እርግጡን «የቂን»፣ ሚዛን የደፋውን ግምት «ዘን»፣ እኩል የቆመውን ጥርጣሬ «ሸክ»፣ ደካማውን ወገን «ወህም» ብለው ለይተዋል። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ስም ነው የሰጡት፤ ደረጃው ሲለያይ ተግባሩም ይለያያልና። ዉዱእ ማድረጉን እርግጠኛ የሆነ ሰው ፈርሶ እንደሆነ ቢጠራጠር፣ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ በእርግጡ ይጸናል። በዐረብኛም ቢሆን «ቀድ የእቲ» ስንል «ሊመጣ ይችላል» ማለታችን ነው፤ ጥንቁቅ ጸሐፊ «ሩበማ»ን ከፊቱ አይደርብበትም።

ሁሉም ድርብ ግን ስሕተት አይደለም። «ኩድ ዩ ፖሲብሊ ሄልፕ ሚ» ሲባል «ፖሲብሊ» የትሕትና ቃል ነው። «ካን ኖት ፖሲብሊ» ላይም «ፈጽሞ አይቻልም» የሚለውን ያጠነክራል። ሁለቱም የራሳቸው ሥራ ስላላቸው አይሰረዙም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛ በምርጫ የሚመለስ ስለሆነ፣ ልጁ ራሱ የጻፈው ዓረፍተ ነገር በቅጡ ሳይታረምለት ዩኒቨርሲቲ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ወጣቶች ሆይ! ጽሑፋችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ የጥርጣሬ ቃላቱን በሙሉ አስምሩባቸው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ካገኛችሁ፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ ራሳችሁን ጠይቁና ልካችሁን የሚናገረውን አስቀርታችሁ ሌላውን ሰርዙ።

እናትና አባትም እንግሊዝኛ ባያውቁ እንኳ መርዳት ይችላሉ። ልጁ የጻፈውን በአማርኛ እንዲነግራቸው አድርገው፣ «ይህን ታውቀዋለህ? ይመስልሃል? ወይስ ገና አላወቅህም?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ለይቶ ከተናገረ ቃሉን መምረጥ አይከብደውም። የሚያውቀውን ከሚገምተው መለየት ከቋንቋ ትምህርት አልፎ የታማኝነት ትምህርት ይሆንለታል።

ዑለማዎቻችን ሐሳባቸውን በግልጽ ጽፈው ሲያበቁ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ «ወላሁ አዕለም» ይላሉ እንጂ በየመስመሩ አይደጋግሙትም። እኛም በዚሁ እንሰናበታችኋለን። ወላሁ አዕለም።