ቁልፉ በማን እጅ ነው?

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ከተማ የገባን ልጆቹ ግን ይህን ተረት በየሠርጉና በየስብሰባው ስንደግመው ከርመን፣ ሥራ ላይ ስንደርስ ሰርዶውንም በሬውንም ከሌላ አገር ማስመጣት ይቀናናል።

ነገሬ ስለ አንድ ቤት ነው። ቤቱ በመንዝ ደጋ፣ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ተራራ ወገብ ላይ በተቀመጠች መንደር ይገኛል። ግድግዳው ብሎኬት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ በሩ ብረት ነው። በግንባሩ ላይ ለሥራው ገንዘብ ያዋጣን ሰዎች ስም በእብነ በረድ ተቀርጿል፤ የእኔም ስም ከታች በኩል አለ። ቤተ መጻሕፍት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ ሁላችንም አጨብጭበን ወደየመኪናችን ተመለስን።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ለዘመድ ልቅሶ ወደዚያው ወጥቼ ነበር። ዕለቱ እሑድ ነው። ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ በየደጁ ፀሐይ ይሞቃል። ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ሥር አምስት ስድስት ልጆች ባናቸውን ተከናንበው ገበጣ ይጫወታሉ። በሩ ላይ መዳፍ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። «ለምን ገብታችሁ አታነቡም?» አልኋቸው። ታላቅየው ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ እሑድ ነው» አለኝ። «ሰኞስ?» «ሰኞ ሠራተኛው ይከፍታል፤ እኛ ግን ትምህርት ቤት ነን። ስንመለስ ደግሞ በግ እንጠብቃለን።» ልጁ ሊወቅሰኝ አልፈለገም፤ የጠየቅሁትን መለሰ እንጂ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ስሜ የተቀረጸበት እብነ በረድ ዕዳ ሆኖብኛል።

አሁን ደግሞ በአዲስ አበባ የምንኖር የአካባቢው ተወላጆች ለጎረቤት ቀበሌ ሁለተኛ ቤተ መጻሕፍት ልናሠራ ገንዘብ በማሰባሰብ ላይ ነን። ፕላኑ እጄ ገብቷል። ያው ብሎኬት፣ ያው ቆርቆሮ፣ ያው የብረት በር ነው፤ እብነ በረዱ ብቻ ሰፋ ብሏል። ይህን የምጽፈው ያንን ፕላን ለመቃወም ነው። የምቃወመውም ገንዘቡን ስለ ነፈግሁ አይደለም፤ አንድን ስሕተት ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ ስለ ከበደኝ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የሰዓት ስሕተት ነው። ቤቱን የመንግሥት መሥሪያ ቤት አድርገን አሰብነው፤ እንደ መሥሪያ ቤትም ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 11፡30 እንዲከፈት ደነገግን። ገበሬው ግን ሞፈርና ቀንበሩን የሚሰቅለው መቼ ነው? በሰንበት፣ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፤ ደግሞም በገበያ ቀን ነው። ልጁስ ነፃ የሚሆነው መቼ ነው? በጎቹ በረት ከገቡ በኋላ፣ እራት እስኪቀርብ ባለችው ጥቂት ሰዓት ነው። እንግዲህ የእኛ ቤት የሚዘጋው መንደርተኛው እጁ ባዶ በሚሆንበት ቀን፣ የሚከፈተው ደግሞ እጁ ሥራ በሚይዝበት ቀን ሆነ። ከዚያ በኋላ «ሕዝቡ የማንበብ ባህል የለውም» ብለን ሪፖርት ጻፍን። አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የባሰ ግፍ ይኖር ይሆን? በሩን ቆልፈንበት ስናበቃ ለምን አልገባም ብለን ከሰስነው።

ሰዓትና የቤት ፕላን ምን አገናኛቸው የሚል ይኖራል። በጣም ይገናኛሉ። በምሽት የሚከፈት ቤት ከሁሉ አስቀድሞ መብራት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የፀሐይ ኃይል መብራቱ በስተመጨረሻ «ገንዘብ ከተረፈ» ተብሎ የሚገባ ጌጥ ሳይሆን ከመሠረቱ ድንጋይ ጋር የሚታሰብ ነገር ነው። በበዓል ቀን የሚከፈት ቤት ከቤተ ክርስቲያኑና ከገበያው መንገድ ዳር መሆን አለበት። አዲሱ ፕላን ግን ቤቱን ያስቀመጠው መኪና በሚደርስበት ቦታ ነው። መኪና ያለው ማን ነው? እኛ ነን፤ ያውም በዓመት አንድ ቀን ለምንመጣ።

ሁለተኛው ስሕተት የአየር ንብረት ስሕተት ነው። መንዝ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10ኛው ዲግሪ ግድም ይገኛል። ስለዚህ ውርጩ በሚበረታባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትሄዳለች። ሰፊውን መስኮት በደቡብ በኩል የከፈተ ሰው ያለ ማገዶ ይሞቃል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ አሮጊቶቹ ጥጥና ሱፍ ሊፈትሉ የሚቀመጡበትን ግድግዳ ማየት ብቻ ይበቃል። የእኛ ፕላን ግን መስኮቶቹን በሙሉ ወደ ሰሜን፣ ወደ መንገዱ አዙሯቸዋል፤ በምረቃው ዕለት ለፎቶግራፍ ያምር ዘንድ። ያ የመጀመሪያው ቤት ውስጡ በጥር ቀትር እንኳ እንደ ዋሻ ይቀዘቅዛል። እጁ የደነዘዘ ልጅ ገጽ አይገልጥም።

ግድግዳውስ? ከግማሽ ሜትር በላይ የሚወፍረው የመንዝ የድንጋይ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ድንጋዩ እዚያው ነው፤ ጠራቢውም እዚያው ነው። ስሱ ብሎኬት ግን ቀኑንም ሌሊቱንም እኩል ያሳልፋል፤ እርሱንም ለማድረስ ሲሚንቶ በመኪና፣ ከዚያም በአህያ ጀርባ ዳገቱን ይወጣል። ክዳኑን በተመለከተ ቆርቆሮን ጨርሼ አልጠላም፤ የሣር ክዳን ከመጻሕፍት ጋር ሲሆን የእሳት ሥጋት አለበት። ነገር ግን ክረምት ላይ በረዶ በራቁት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መምህሩ እንኳ ትምህርቱን አቁሞ ይጠብቃል። ከቆርቆሮው ሥር በጭቃ የተመረገ የእንጨት ኮርኒስ ቢሠራ ድምፁንም ብርዱንም ያግዳል። መደርደሪያው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ቢርቅ፣ ከወለሉም ከፍ ቢል፣ የክረምቱ ጉምና እርጥበት መጻሕፍቱን አያሻግትም። በደቡቡ መስኮት ሥር ደግሞ እንደ ቤታችን መደብ ይሠራ፤ አጎዛ ይነጠፍበት። ለስድስት ሰው የሚሆን የብረት ወንበር ከከተማ ከማስጫን፣ ሃያ ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት መደብ ይበልጣል።

ሃያ ሰው ያልሁት በምክንያት ነው። እኛ ቤተ መጻሕፍት ስንል የሚታየን እያንዳንዱ ሰው በየፊናው አቀርቅሮ ዝም ያለበት አዳራሽ ነው። በገጠር ግን ንባብ ብዙ ጊዜ የጆሮ ሥራ ነው፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ሦስተኛው ይከራከራል። ድርሳኑም ተአምሩም በየደብሩ የሚነበበው ለሚሰማ ሕዝብ ነው። «ጸጥታ!» የሚል ማስታወቂያ ለጥፈን ይህን ጉባኤ ከቤት ካስወጣነው፣ የሚቀረን ወንበሩና አቧራው ነው።

ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉ ይከፋል፤ የመጻሕፍቱ ስሕተት ነው። በዚያ እሑድ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አሾልቄ ነበር። ከባሕር ማዶ በካርቶን የመጡ የሒሳብ አያያዝ መማሪያዎች፣ ጊዜው ያለፈበት የኮምፒዩተር መመሪያ፣ የማናውቀው አገር የግብር ሕግ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ተደርድረዋል። የአማርኛ መጽሐፍ በጣት ይቆጠራል። ለሰው ቤት የማይፈልጉትን ዕቃ መላክ ስጦታ ሳይሆን ቤት ማጽዳት ነው። የበግ በሽታን የሚያስረዳ፣ የገብስ ዘርን የሚያነጻጽር፣ ስለ ወሊድና ስለ ሕፃን አመጋገብ የሚናገር፣ ልጅን የሚያስቅ ተረት፣ አዋቂን የሚያስለቅስ ልብ ወለድ፣ በሚያልሙበት ቋንቋ የተጻፈ፣ እርሱን ነው መደርደር። መቶ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ከአምስት ሺህ ካርቶን ሙሉ ባዕድ ይበልጣሉ።

ይህ ለእኔ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም። አባቴ ፊደል የቆጠረው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያ ዘመቻ ቆይቶ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደ፣ ዩኔስኮም የሸለመው ታላቅ ሥራ ነበር። አባቴም ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ በምሰሶው ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ ግን በቤታችን ይሁን በመንደራችን የሚነበብ ነገር አልነበረም። እኔ ከተማ ገብቼ ደብዳቤ ስልክለት፣ የሚያነብለት የጎረቤት ልጅ ነበር። አእምሮው ስለ ደከመ አይደለም፤ ያላረሱት መሬት ዳዋ እንደሚለብስ፣ ያላነበቡበት ዓይንም ፊደሉን ስለሚረሳ ነው። ምስክር ወረቀቱ በጢስ ጠቁሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ከምሰሶው አልወረደም። መጽሐፍ ያላስከተለ ፊደል እንዲህ ነው።

«ተራራና መጽሐፍ ምን አገናኛቸው?» ለሚሉም መልስ አለኝ። በዚህች አገር መጽሐፍ የኖረው በተራራ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ያስጋዟቸውን መጻሕፍት ያከማቹት በመቅደላ አምባ ላይ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ዘረፋውን ለመሸከም 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ለንደን ገቡ። ከዚያ የተረፉት ብራናዎች ደግሞ በድንጋይና በጭቃ በተሠሩ ዕቃ ቤቶች ውስጥ፣ በቆዳ ማኅደር ተከተው፣ ከግድግዳ ላይ ተሰቅለው ለዘመናት ቆይተዋል። ማኅደር የተሰፋው መጽሐፉ እንዲቆለፍ ብቻ አልነበረም፤ በትከሻ ተንጠልጥሎ እንዲሄድም ነበር። እረኛው ልጅ መጽሐፍ በማኅደር ይዞ ወደ መስክ ቢወጣ ምን ነውር አለው? አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ በኋላ፣ በሐዋሳ አካባቢ መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ ጭነው ወደ ልጆቹ አልወሰዱምን? ቤቱ ልጁን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን መከተልም ይችላል።

እዚህ ላይ የኮሚቴያችን አባላት አንድ የማያልቅ ሥጋት ያነሣሉ፤ «መጽሐፉ ቢሰጥ ይጠፋል፤ ሕዝቡ አይጠብቀውም» ይላሉ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ለመሆኑ ይህ ሕዝብ የጓሳ ሕዝብ አይደለምን? የጓሳን ሣር ለክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚፈልገው ይኸው ገበሬ ነው። ሆኖም መስኩ ለዓመታት ተዘግቶ እንዲቆይ፣ በሽማግሌዎችና በጉባኤው ፈቃድ ብቻ ተከፍቶ እንዲታጨድ፣ ሕግ ያፈረሰም እንዲቀጣ ለምዕተ ዓመታት ሥርዓት አቁሟል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አሮጌውን ሥርዓት ቢያናጋውም፣ ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ዛሬ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እዚያ የሚኖሩት በእኛ ጓጉንቸር አይደለም። የተራበ ከብቱን እያየ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ሣር የጠበቀ ሕዝብ፣ ሦስት መቶ መጽሐፍ መጠበቅ ያቅተዋልን? ደግሞስ ጥቂት ቢጠፋ ምንድን ነው? ተነቦ የጠፋ መጽሐፍ፣ ተቆልፎ ከኖረው በላይ ዕድሜ አለው።

«ስልክ መጥቷል፤ የመጽሐፍ ዘመን አልፏል» የሚለውም ወገን አለ። ስልኩ መምጣቱን አልክድም፤ በየተራራው ራስ ላይ ቆሞ ኔትወርክ የሚፈልግ ወጣት አይቻለሁ። ያ ወጣት ከስልኩ የሚያገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላው የወረወረለትን ነው፤ ከመደርደሪያ መርጦ የሚያወርደው የራሱ ምርጫ ነው። «መጀመሪያ ዳቦ» ለሚሉት ደግሞ የምላቸው አጭር ነው፤ እኛ ይህን ያልነው ዳቦውንም መጽሐፉንም ካገኘን በኋላ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፕላኑ ይመለስ። ከመጪው ስብሰባ በፊት ሁለት ሦስታችን ወደ ቀበሌው እንውጣ፤ የምንወጣውም ለማስተማር ሳይሆን ለመጠየቅ ይሁን። እናቶችን፣ እረኞችን፣ ካህናትን፣ መምህራንን፣ ድንጋይ ጠራቢውን እንጠይቅ። ቤቱን በድንጋያቸው ይሥሩት፣ ዋጋቸውን እንክፈላቸው፤ ለብሎኬትና ለማጓጓዣ ያሰብነውን ገንዘብ ለአማርኛ መጻሕፍትና ለመብራት እናውለው። የሚከፈትበትን ቀን ጉባኤያቸው ይወስን። ቁልፉም እንደ ጓሳው ሥርዓት በተራ በየቤቱ ይዙር እንጂ በአንድ ደመወዝተኛ ኪስ አይደር።

እብነ በረዱስ? እርሱን ቢያሻቸው ወፍጮ ያድርጉት። እኔ በበኩሌ ስሜ እዚያ ግድግዳ ላይ ከሚቀር፣ ያ የበግ እረኛ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩን ራሱ ከፍቶ ሲገባ ባየው እመርጣለሁ።