የቧንቧ ስፋት ነገር

በሰሌዳ ላይ የሚጻፍልን የፕዋዜይ ሕግ ለፈተና ተሸምድዶ የሚረሳ ከሆነ መማራችን ምን ይረባል? እኛ እንደምናምነው ይህ ሕግ ከጅማ አልፎ አጋሮና ሊሙ ገነት ድረስ ሥራ አለው።

ፕዋዜይ ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። ደም በቀጫጭን ሥሮች እንዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሲል በ1840 እ.ኤ.አ. ገደማ ፈሳሽን በቀጫጭን የመስተዋት ቧንቧዎች እያሳለፈ ለካ። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሐገንም በ1839 ከዚሁ ደርሶ ነበር። ፈሳሽ ሳይታወክ በንብርብር ሲፈስ ግድግዳውን የነካው ይቆማል፤ መካከሉ ይፈጥናል። ስለዚህ ግፊቱ እጥፍ ቢሆን የሚያልፈው ፈሳሽ እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ የቧንቧው ዲያሜትር እጥፍ ቢሆን ግን 16 እጥፍ ይሆናል። ቧንቧው በረዘመ፥ ፈሳሹም እንደ ማር በወፈረ መጠን ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ደምም ከውሃ ይወፍራል።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው እንምጣ። አንዲት እናት አጋሮ ወልዳ ደም ቢፈሳት፥ እስከ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቃታል። በክንዷ የገባው ሰማያዊው ባለ 22 ቁጥር ካኑላ ከሆነ፥ በደቂቃ የሚያሳልፈው 35 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ግራጫው ባለ 16 ቁጥር ግን 180 ያህል ያሳልፋል። አንድ ሊትር በአንደኛው ግማሽ ሰዓት ገደማ፥ በሌላው 6 ደቂቃ ያህል ይፈጃል ማለት ነው። ልዩነቱ 16 እጥፍ ያልሞላው በከፊል በሰፊው ውስጥ ፍሰቱ መታወክ ስለሚጀምር ነው። ከረጢቱን ከፍ አድርጎ መስቀል ይህን ጉድለት አይሞላም።

«ቀጭኑ ለማስገባት ይቀላል» የሚሉ አሉ። ለሕፃንና ሥሩ ለደከመ ሰው እውነት ነው። ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ግን ሥሮቿ እየሟሸሹ ስለሚሄዱ፥ ሰፊው የሚገባው ገና በጊዜ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። ሰፊው ካኑላ ደሙን አያቆምም፤ ደሙን ለሚያቆመው ሐኪም ግን ጊዜ ይገዛለታል።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው ይህን ነው። ተመራቂ የጤና ተማሪዎች በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ከመሄዳቸው በፊት፥ አንድ ከሰዓት በኋላ በቤተ ሙከራ ሁለት ካኑላ፥ እኩል የተሰቀሉ ሁለት ከረጢቶች፥ ሁለት ባልዲና አንድ ሰዓት ይቅረብላቸው። ባልዲው ሲሞላ በዓይኑ ያየ ተማሪ ሕጉን አይረሳም። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዎችም ሰፊውን ካኑላ ሳያልቅ ይተኩ። ዕውቀት ከሰሌዳ ወርዶ ሰው ካላዳነ፥ ጠመኔ ማባከን ብቻ ነው እንላለን።