የጅማን አሮጌ ግንብ አጠንክሩት እንጂ አታፍርሱት!

ወጣት ሆይ ስማ፣ አንቺም ስሚ!

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም አፋር ላይ በ6.0 መጠን የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከዚያ በፊት ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ ምድር ለሳምንታት ስትናጥ ከረመች፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወገናችን ከቀዬው ተነሳ። አዲስ አበባ ሕዝቡ በሌሊት ከፎቅ እየሮጠ ወረደ። እኛስ? «ጅማ ስምጥ ሸለቆ ላይ አይደለችም» ብለን ቡናችንን ጠጥተን ተኛን።

በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም ሆሳዕና አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ጅማ ድረስ መሰማቱን ረሳነው እንዴ? በ1953 ካራ ቆሬ ሲናወጥ ማጀቴ ፈራረሰች። በ1961 ሰርዶ ፈረሰች። ምድር ቀጠሮ አትሰጥም!

ጅማን፣ አጋሮን፣ ሊሙ ገነትን ዞር ዞር በልና እይ። ጣሊያን ጅማን የግዛት መቀመጫ ባደረገ ጊዜ ከተሠሩት የድንጋይና የጡብ ቤቶች ዛሬም ሱቅ፣ ቢሮ፣ መኖሪያ የሆኑ አሉ። አገራችን የመሬት መንቀጥቀጥን ያገናዘበ የሕንፃ ኮድ ከማውጣቷ በፊት የቆሙ ናቸው። ፌሮ የሌለው ጡብ ከላይ የሚጫነውን ይችላል፤ ወደ ጎን ሲናጥ ግን አይችልም። ወለሉና ጣሪያው ከግድግዳው ጋር ካልታሰሩ ግድግዳው ወደ ውጭ ይወድቃል። ወደ ውጭ ማለት የት ነው? እናቶቻችን ቡና የሚያፈሉበት በረንዳ ላይ!

አንዱ ተነስቶ «አርጅቷል፣ ዶዘር ይግባ» ይላል። ፒያሳ አዲስ አበባ በ2016 ምን እንደሆነች አይተናል። ሌላው «የፋሺስት ሥራ ነው፣ ይፍረስ» ይላል። ወንድሜ፣ ጣሊያንማ ተባሮ ሄደ! ከ80 ዓመት በላይ የኖረበት፣ የነገደበት፣ የወለደበት የኛ ሰው ነው። ግንቡ የኛ ነው፤ ቢወድቅም የሚወድቀው በኛ ላይ ነው።

ማጠንከር ደግሞ ተአምር አይደለም። ወለልና ጣሪያን ከግድግዳ ጋር በብረት ማሰር። ከላይ ዙሪያውን የኮንክሪት ታይ ቢም ማልበስ። የተሰነጠቀውን መሙላት፣ ግድግዳውን በሽቦ መረብ ይዞ መለሰን። ጣሪያ ላይ የላላውን ጡብ ማውረድ ወይም ማሰር። ኔፓል ሀብታም አገር አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በ7.8 ስትመታ ካትማንዱ ሸለቆ ውስጥ ቀድመው የተጠናከሩ ትምህርት ቤቶች ቆመው ቀሩ። እኛ ምን አነሰን? ለአገር ዶላር የሚያመጣው የማን ቡና ነው?

«ባለሙያ የለም» እንዳትሉን ብቻ! ዲግሪያችንን ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጠን ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር የምንውል ስንት ነን? ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተመረቀው ጓደኛህ ሥራ ፈቶ፣ ግንበኛው ሥራ ፈቶ፣ ግንቡ ደግሞ ተሰንጥቆ! ሥራው እዚሁ ደጃችን ነው።

ጥያቄያችን ግልጽ ነው፦

1. የጅማና የአካባቢዋ የቡና ከተሞች አሮጌ ግንቦች አንድ በአንድ ይመርመሩ፣ ውጤቱም ለሕዝብ ይገለጽ።
2. ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይቅደሙ።
3. ሥራው ለአካባቢው ተመራቂዎችና ግንበኞች ይሰጥ።
4. ምርመራ ሳይደረግ «አደገኛ ነው» ተብሎ ማንም ሰው ከቤቱ አይነሳ፣ አንድም ግንብ አይፍረስ።

አንተም ዝም ብለህ ላይክ አድርገህ አትለፍ። ዛሬ ውጣ፣ የሰፈርህን ስንጥቅ ግድግዳ ፎቶ አንሳ፣ ቀበሌህ ሄደህ ጠይቅ። ከፈረሰ በኋላ ድንኳን ጥሎ ማልቀስ ይበቃናል!

ሼር ይደረግ!