ሎጎውን ተዉት፣ አድራሻውን አንብቡ

በቴሌግራም የመጣላችሁን ሊንክ ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? ቦሌም ሆነ ሲኤምሲ፣ ገርጂም ሆነ አያት፣ አብዛኛው ወጣት የሚያየው ሎጎውንና ቀለሙን ነው። እኔ ግን ሎጎ ምንም ማስረጃ አይሆንም ባይ ነኝ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር አንድ ነገር ተምረናል፤ ምልክት የሚታመነው ለአስመሳዩ ውድ ሲሆን ነው። የድረ ገጽን መልክ መቅዳት ደግሞ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። የማይቀዳው አድራሻው ነው፤ አንድ አድራሻ አንድ ባለቤት ብቻ ነው ያለው።

ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ የሚኖሩ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቺዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክላቸው እንደነበር አጋልጧል። ሊንኩ የሚወስደው ኢስትአፍሮ የተባለውን የቪዲዮ ገጽ ወደሚመስል ሌላ ገጽ ነበር። እውነተኛው በ«ኮም» ያበቃል፣ ሐሰተኛው በ«ኔት»። ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ማጫወቻ አድሱ ይላል፤ የሚጫነው ግን የስለላ ሶፍትዌር ነው። ልዩነቱ ሦስት ፊደል ብቻ!

በቶር ብቻ በሚከፈቱ ስውር ገጾች ላይ ነገሩ ይብሳል። አድራሻቸው 56 የተዘበራረቁ ፊደላትና ቁጥሮች ነው፤ ማን በቃሉ ይይዘዋል? አስመሳዩ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፊደላት ብቻ አመሳስሎ ይጠብቃል፤ እኛም ጅማሬውን አይተን እናልፋለን። በ2023 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲገደቡ ስንቱ ነው ቪፒኤን ፍለጋ ያገኘውን ሊንክ ሁሉ የነካው? ዋናው በር ሲዘጋብን በጓሮ መንገድ አሳያችኋለሁ ያለንን ሁሉ እናምናለን። አጭበርባሪውም የሚቆመው እዚያው ጓሮ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አድራሻውን ከአገልግሎቱ ዋና ገጽ ራሳችሁ ወስዳችሁ ቡክማርክ አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ አትግቡ። ቴሌብርም ሆነ የባንክ አፕ ከስልካችሁ ላይ ክፈቱ እንጂ በተላከ ሊንክ አይሁን። የቁልፏ ምልክት አታታላችሁ፤ መስመሩ መመስጠሩን እንጂ የባለቤቱን ታማኝነት አትነግራችሁም። የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥላችሁ አፕ እንደወትሮው አልሞላም ካለ ቁሙ፤ አድራሻው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሊንኩን የላከው የቅርብ ጓደኛችሁ ቢሆንም ደውሉለት፤ አካውንቱ ተጠልፎ ይሆናል።

ጥፋቱ ሁሉ የእኛ ነው እያልኩ አይደለም። ለደንበኛ መድረሻው የማይታወቅ አጭር ሊንክ የሚልክ ድርጅት፣ ሳያዩ መንካትን እያስለመደን ነው። እሱም ያቁም። እስኪያቆም ድረስ ግን ገንዘቡም ምስጢሩም የእኛ ነውና፣ አምስት ሰከንድ ወስዶ አድራሻ ማንበብ አይከብድም።