የተከፈተ በር ብቻውን አይበቃም

ባለፈው ወር በማስተማር ልምምድ ሰዓት አንድ ነገር ሆነ። ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ እኛን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነን ስለ ሰነበተ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ልናነሳው ወደድን።

ከጠረፍ ወረዳ የመጣ፣ አማርኛን ከቤቱ ሳይሆን ከትምህርት ቤት የተማረ ጓደኛችን ተራው ደርሶ ከሰሌዳው ፊት ቆመ። ዝግጅቱ የተሟላ ነበር፤ ሥዕሉን እንኳ በካርቶን ሠርቶ ነው የመጣው። ገና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲጀምር «ላሟ መጣ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የሳቅነው እኛው ነን፣ ሌላ ማንም አይደለም። ትምህርቱን እንደ ምንም ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ እጁን ሲያወጣ አላየነውም። በምግብ አዳራሽም ከጥግ ብቻውን መቀመጥ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ሻንጣውን ሲያስር የደረሰበት የመኝታ ክፍል ጓደኛው ለምኖ አስቀረው።

«በሩ ለሁሉም ክፍት አይደለም እንዴ? ማን ከለከለው?» የሚሉ አልጠፉም። ለእነዚህ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣ።

በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ኦበርሊን የሚባል ኮሌጅ አለ። ሊበራል አርትስ ከሚባሉት፣ ማለትም ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ሳይንስና ፍልስፍና አጣምረው ከሚያስተምሩት ኮሌጆች አንዱ ነው። በ1833 ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1835፣ በአገሪቱ ደቡብ ጥቁር ሕዝብ እንደ ዕቃ በሚሸጥበት ዘመን፣ የኮሌጁ ባለአደራዎች ጥቁር ተማሪዎችን እንቀበል ወይስ አንቀበል ብለው ድምፅ ሰጡ። ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነ። በሩን የከፈተው የሰብሳቢው የጆን ኪፕ አንድ ድምፅ ነበር።

ያች አንድ ድምፅ ፍሬ አፈራች። በ1862 ወይዘሪት ሜሪ ጄን ፓተርሰን ከዚያ ተመረቁ። በአሜሪካ የቢ.ኤ. ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው ይባላል። ከዚያስ ቢሉ፣ እኛ የመረጥነውን ሙያ መረጡ፤ መምህር ሆኑ። በኋላም በዋሽንግተን ለጥቁር ልጆች በተከፈተ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በርዕሰ መምህርነት ብዙ ዓመት ሠሩ።

በሩ ተከፈተ ማለት ግን ሁሉ አለቀ ማለት አልነበረም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በዚያው ኮሌጅ የሴቶች መኖሪያ፣ አንዳንድ ነጭ ተማሪዎች ከጥቁሮቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ አንበላም አሉና ክርክር ተነሳ። ወይዘሮ ሜሪ ቸርች ቴረል በ1884 ከዚያ ተመርቀው ነበር። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ልጆቻቸውን ወደዚያው ቢልኩ፣ ልጆቹ በመኖሪያ ጉዳይ በቀለማቸው ምክንያት መገለል ደረሰባቸው። እናትየው በ1914 ለኮሌጁ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ጽፈው ተከራከሩ። ልብ በሉ፤ በሩ ከተከፈተ ወደ 80 ዓመት ሆኖታል። ክርክሩ ግን ገና ከማን ጋር ይበላሉ፣ የት ይተኛሉ የሚል ነበር!

እንግዲህ ተማሪን መዝግቦ ማስገባት የአስተዳደር ሥራ ነው። ከገባ በኋላ ቦታ መስጠት ግን ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ሥራ ነው። የኛ ሳቅ ከኦበርሊኑ በደል ጋር አንድ ነው አንልም። ሆኖም ሰውን ወደ ጥግ መግፋቱ ያው ነው።

«እኛም በመጀመሪያው ሳምንት ተስቆብናል፣ ይለምደዋል» የሚባል ነገር አለ። በጫማችን ቢሳቅ ጫማ ይለወጣል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቅላጼ የተሳቀበት ሰው ምኑን ይለውጥ? ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። «እነሱ ራሳቸው ናቸው የሚለዩት» ማለትም አለ። ሰው በቋንቋው የሚያወራው ወገን ቢፈልግ ምን ነውር አለበት? ድካሙን ያሳርፍበታል። ነውሩ፣ ሌላ ጠረጴዛ ስለማይቀበለው ተገዶ ሲለይ ነው።

ደግሞ ነገን እናስብ። ነገ ተመርቀን በየወረዳው ስንመደብ «ላሟ መጣ» የሚል ሕፃን ይገጥመናል። ዛሬ ያልተውነውን ሳቅ ያን ጊዜ እንተወዋለን ማለት ዘበት ነው። ዕጣው ጠረፍ ካወጣን ደግሞ የልጆቹን ቋንቋ የማናውቅ እንግዶች እኛው እንሆናለን። ያኔ ላሟን ወንድ የምናደርጋት እኛ ነን!

በመሆኑም የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ በልምምድ ሰዓት የቋንቋ እርማት ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ይሰጥ፤ በመሀል ሳቅ ይቅር። ሁለተኛ፣ መምህራኖቻችን ስም ሲጠሩ የሁላችንንም ስም ባለቤቱ እንደሚጠራው እንዲጠሩልን በትሕትና እንጠይቃለን። ሦስተኛ፣ በምግብ አዳራሽ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ስናይ ትሪያችንን ይዘን እንሂድ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀነዋል። ይህን ጽሑፍም ከመለጠፋችን በፊት አንብቦታል። «ስሜን አትጻፉ፣ ላሟን ግን ጻፏት» አለን። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና ተራው ነው። ከፊት ወንበር እንገኛለን።

ከሁለተኛ ዓመት እጩ መምህራን