ህብስት ኬክ ነው!

ኬክ ማለት ከኦቨን የወጣና ክሬም የተቀባ ነገር ብቻ ነው ያለን ማን ነው? እኛ ደብረ ወርቅ ልጅ ልደት ሲደርስ ኬኩ ከደብረ ማርቆስ ይታዘዛል፤ መንገድ ላይ ሲናጥ ግማሹ ክሬም ክዳኑ ላይ ይቀራል። ጓዳ ውስጥ ግን ህብስት የምትሠራ እናት አለች። እሷን "ኬክ ሥሪልን" የሚላት የለም። ለምን? ኦቨን የላትማ!

ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሰዎች ከሻይ ጋር የሚበሉት "ማላይ ጎ" የሚባል ኬክ አለ። ዱቄት፣ እንቁላልና ቡናማ ስኳር ነው። በጥንቱ አሠራር ሊጡ በእርሾ ይቦካና በቀርከሃ ቅርጫት ሆኖ በእንፋሎት ይበስላል። ኦቨን የለም፣ ክሬም የለም፤ ኬክነቱን ግን ማንም አይጠራጠርም።

እስቲ ህብስትን አስቡት። የስንዴ ሊጥ ይቦካል፣ በኮባ ይጠቀለላል፣ ድስት ውስጥ ከውሃው ከፍ ብሎ በእንፋሎት ይበስላል። ዘዴው ያው ነው!

ዛሬ ሥራዬ ሶፍትዌር ቢሆንም የተማርኩት ምህንድስና ነውና ትንሽ ፊዚክስ ፍቀዱልኝ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኦቨን 180 ዲግሪ ይፈልጋል። ታዲያ ህብስቱ እንዴት ይበስላል? እንፋሎት ሊጡን ነክቶ ወደ ውሃ ሲመለስ የያዘውን ብዙ ሙቀት ያስረክባል። እርጥበቱ ስለማይሸሽም ደረቅ ቅርፊት አይወጣውም። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ኦቨን ይቆማል፤ ድስቱ ግን ከሰል ላይ ሥራውን ይቀጥላል።

"ህብስት እኮ ስኳር የለውም፣ ዳቦ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ታዲያ ጎጃም ተቀምጠን ማር ሊቸግረን ነው? ማር ጨምሩበት። ለፍስክ እንቁላል ይግባበት፤ ለጾም ያለ እንቁላል ይሠራ። ዋናው ህብስት እንደሆነ ወተትም ቅቤም አይፈልግም፣ ከተፈጥሮው የጾም ነው። ክሬም ኬክ ይህን ማለት ይችላል?

ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ያቺ እናት የምታውቀው ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ ይከፈልበታል። እኛ "ኬክ አይደለም" ባልን ቁጥር ገበያዋን እየዘጋንባት ነው። ልጇም ከእሷ የሚማርበት ምክንያት ያጣል።

ስለዚህ የደብረ ማርቆስ ኬክ ቤቶች፣ ከመስታወቱ ጀርባ አንድ መደርደሪያ ለማር ህብስት ልቀቁ። እኛም ለቀጣዩ ልደት ወደ ከተማ ከመደወላችን በፊት ጎረቤታችንን እንጠይቅ፤ ዋጋውንም እንደ ኬክ እንክፈል።